ወደ ግድግዳ የዞሩት ሽማግሌ

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ብርድ ልብሱ እስከ አንገታቸው ተስቦ፣ ሞተው ተገኙ። ከበር ሆኖ ላየ ሰው እንቅልፍ የጣላቸው ይመስላሉ። ኢንስፔክተሯ ግን ከበር ሆና አይታ የምትመለስ ሴት አይደለችም። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት ያለ ነገር መሰላችሁ? ስትገባ ኮሽታዋ አይሰማም፤ ከገባች በኋላ ግን ወዮለት ለተወጋው! ጎንበስ ብላ የሟቹን ከንፈር ገለጠች። ከውስጥ ተሰንጥቋል። ትራሱን ስትገለብጠው ደም የነካው ምራቅ ጨርቁ ላይ ደርቋል።

«ታፍነው ነው» አላት ሐኪሙ። «ያዞሯቸው ከዚያ በኋላ ነው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ራሳቸውን ችለው መገላበጥ አይችሉም።»

ገላቸውን ቀና አድርጎ የተኙበትን ግራ ዳሌ አሳያት። ከመተኛት ብዛት የወጣ፣ ቡጢ የሚያስገባ ቁስል ነው። እንኳን ሊተኙበት አንሶላ ሲነካው የሚያስጮህ ነበር።

«ዶክተር፣ በየትኛው ጎናቸው እንደተገኙ ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችው።

ሳሎን ውስጥ ግን ፍርዱ አልቋል። በዚያ ሌሊት ቤቱ ውስጥ ያደሩት አራት ናቸው። አባቷን ለዓመታት ያስታመመችው ልብስ ሰፊዋ ልጃቸው፣ ታላቅ ወንድሟ አስተማሪው፣ የአስተማሪው ሚስትና መካከለኛው ወንድማቸው ሹፌሩ። ጠዋት አባቷን ያገኘችው ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ከእሷ በቀር ሬሳውን ያየ የቤት ሰው የለም፤ አሁን ደግሞ አንድ ፖሊስ ካቴና ይዞ አጠገቧ ቆሟል። አለቆቹ ጉዳዩ ቶሎ እንዲዘጋ ይፈልጋሉ፤ ኢንስፔክተሯ ሌላ ሰው ካላገኘች ልጅቷን ይዞ መሄዱ ነው።

«ይኸው ሻንጣዋ!» ሹፌሩ በሩ ላይ ወደቆመው ሻንጣ ጠቆመ። «ዛሬ ባሕር ዳርቻ ልትሄድ ነበር። አባባ ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ምን መዝናናት ነው፣ ሰርዢው ብለን ማታ ራት ላይ ለመንናት። 'ሁለት ሳምንቱን ከፍዬበታለሁ፣ እሄዳለሁ' ብላ ድርቅ አለች። እንግዲህ የሞተ ሰው አስታማሚ አይፈልግ!»

ኢንስፔክተሯ ልጅቷን ወደ ስፌት ክፍሏ ይዛት ገባችና በሩን ዘጋች።

«ገድለሻቸዋል?»

«አልገደልኩም።»

«ጉዞውስ?»

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናው ላይ የቀረውን ጨርቅ ስታሻሽ ቆየች። «ሰርዤዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ትናንት ከሰዓት ለጉዞ ወኪሉ ደወልኩና አባቴ በጠና ታሟል፣ ሰርዙልኝ አልኩት። በሕይወቴ አንዴ ላርፍ ነበር፤ ግን ጥዬው መሄድ አቃተኝ።»

«ታዲያ ራት ላይ ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ልነግራቸው ነበር እኮ! ገና ሳይቀመጡ 'ጨካኝ' አሉኝ። ይህን ሁሉ ዓመት 'ደከመሽ ወይ?' ብሎኝ የማያውቅ ሁሉ ተሰብስቦ ጨካኝ ይበለኝ? ነደደኝ። አንዲት ሌሊት እነሱም ይጨነቁ፣ ጠዋት እነግራቸዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ሻንጣውንም እያዩ እርር እንዲሉ ነው በር ላይ ያቆምኩት።»

ኢንስፔክተሯ ለወኪሉ ደውላ ነገሩ እውነት መሆኑን አረጋገጠች። «እኔ እስክናገር ለማንም እንዳትነግሪ። አባትሽ እንዴት ተኝተው እንዳገኘሻቸውም ጭምር። ለመሆኑ ሌላ ጊዜ እንዴት ነበር የሚተኙት?»

«በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ በር አድርጎ። በግራ በኩል ቁስል አለበት።»

ይህችኑ ጥያቄ ለሹፌሩም ጣል አደረገችለት። «ወደ በር ነዋ! እሑድ እሑድ ገላውን የማጥበው እኔ ነኝ፣ ቁስሉን አሳምሬ ነው የማውቀው» አላት።

የአስተማሪው ሚስት ደግሞ ምላሷ ከእግሯ ቀድሞ ነው ክፍሉ የገባው። «የባሌን አባት ዳይፐር እኔ አልቀይርም! ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ ልጆቻቸው ሞልተዋል!»

«ሲተኙ ወዴት ነበር የሚዞሩት?»

«ወደ በር ነዋ፣ ወዴት ይዞራሉ? ያ ቁስል መች ያስተኛቸዋል? እሷ ደንበኛ ጋ ስትሄድ ፋሻውን የምቀይርላቸው እኔ አይደለሁ እንዴ? ደግ ሆኜ እንዳይመስልዎ፤ ሽታው ነው የሚያናድደኝ።»

አስተማሪው መጨረሻ ገባ። ዓይኑ አብጧል፣ መሀረቡ ርሷል።

«ማታ ቁጭ እንዳሉ ግንባራቸውን ስሜ ከወጣሁ ወዲህ ያንን ክፍል አልረገጥኩትም» አለ። «ጠዋት እህቴ ስትጮህም ሶፋው ላይ ቀረሁ። ሬሳቸውን አላየሁም። አላይም!»

«እህትዎ ብትሄድ ማን ሊያስታምማቸው ነበር?»

«እኔ ነኛ! ትምህርት ቤት ተዘግቷል። 'በደስታ' ብያለሁ፣ ይጠይቋቸው። አባቴ እኮ ናቸው!»

«ተኝተው አይተዋቸው ያውቃሉ?»

«ስንት ሌሊት አጠገባቸው አነጋሁ! እንደ ሕፃን ነበር የሚተኙት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አንገታቸው ስበው...» መሀረቡን ዓይኑ ላይ ደቀነ።

«አይዞዎት» አለችው ኢንስፔክተሯ፣ እንደሚያዝን ሰው።

ከዚያ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«አባታችሁ ታፍነው ነው የሞቱት» አለች። «ገዳዩ ከበር ሆኖ የሚያይ ሰው እንዲሸወድ ብሎ ወደ ግድግዳ አዞራቸው። ያ ማለት ቁስላቸው ላይ አስተኛቸው ማለት ነው። እጁ እሳቸውን የሚያውቅ ሰው ይህን አያደርግም።»

«ሆን ብሎ ለማወናበድ ቢሆንስ?» አለች የአስተማሪው ሚስት።

«እሱን አስቤ ነው አንድ ጥያቄ ለአራታችሁም የጠየቅኩት። ሦስታችሁ ቁስሉን ነገራችሁኝ። አንዱ ግን ዛሬ ጠዋት እኔ ያየሁትን ነገረኝ፣ ብርድ ልብሱ ሳይቀር። እኚህ ሰው ከታመሙ ወዲህ ወደ ግድግዳ ዞረው የተኙት አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም ከሞቱ በኋላ። ያንን ያየነው ልጃቸው፣ ሐኪሙ፣ እኔና ያዞራቸው ሰው ነን። እርስዎ ደግሞ ክፍሉን አልረገጥኩም ብለውኛል፣ አስተማሪ።»

«ጋሼ?» ሹፌሩ ብድግ አለ። «ጋሼ እኮ ለአባባ ነፍሱን የሚሰጥ ሰው ነው!»

«ሲሰጥ የኖረው አንደበቱን ነው። ብርድ ልብሳቸውን አንድ ቀን ገልጦ ቢያይ ኖሮ ቁስሉን ያውቀው ነበር።»

አስተማሪው መሀረቡን አጥፎ ኪሱ ከተተ። እንባው የት እንደገባ እንጃ። «አባቴን ለምን ብዬ እገድላለሁ?»

«ራት ላይ 'በደስታ' ስላሉ። 'አልችልም' ቢሉ ሰው ያማዎታል፣ በቃ። እርስዎ ግን ከመታማት አባትን መግደል ቀለለዎት።»

«ወሬ ነው» አለ ኮራ ብሎ። «ወሬ ይዞ ሰው አይታሰርም።»

ኢንስፔክተሯ እልህ ያዛት። ያስቀመጠቻትን የመጨረሻዋን አወጣች።

«የሚያሳዝነው ደግሞ በከንቱ ነው የደከሙት። ጉዞው ትናንት ከሰዓት ተሰርዟል። እህትዎ ልትሄድ አልነበረም።»

አስተማሪው አመድ መሰለ። «ተሰርዟል?»

ዞሮ በሩ ላይ የቆመውን ሻንጣ አየ።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ!» ብሎ ጮኸ። «ያንን ሽታ፣ ያንን ገላ በዚህ በእጄ! እንኳን ልነካው ሳስበው ያጥወለውለኛል። ምን ላድርግ? እሷ ልትሄድ ነው፣ አንቺ አልቀይርም ብለሻል...»

«አንተ አውሬ!» አለች ሚስቱ። «አልቀይርም ስልህ ሰው ቅጠር ማለቴ ነበር!»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ሲጠጋው አስተማሪው ወደ እህቱ ዞረ። ድምፁ ተረጋግቷል፤ የተማሪ ስህተት የሚያርም ነበር የሚመስለው።

«ራት ላይ አንዲት ቃል ብትተነፍሺ ኖሮ፣ አሁን አባባን ቁርሱን እያጎረስሽው ነበር።»

«ውሰደው!» ብላ ጮኸች ኢንስፔክተሯ። ግን አሁን መጮህ ምን ይረባል? ቃሉ ደርሷል። ያቀበለችውም እሷው ናት።

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ወንድሟ ሲወሰድ ቀና ብላም አላየችው።

«ኢንስፔክተር፣ ነግሬያቸው ቢሆን አባባ ይኖር ነበር?»

«አይኖርም ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ ቶሎ። «ሰውዬው ሌላ ቀን ይገድላቸው ነበር።»

ልጅቷ ፊቷን ትክ ብላ አየቻት። ጠዋቱን ሙሉ ይህች ሴት ውሸት ስታነጥር ስታይ ቆይታለችና፣ ይህኛውን ለመለየት አልተቸገረችም።

«እሺ» አለቻት።