ጉንፋን የያዘው ጫካ አይገባም

የሎጁ ባለቤት የቢሹምባ ሬሳ በጎሪላዎቹ ጫካ አፋፍ፣ ገደል ሥር በተገኘበት ጠዋት፣ የፖሊስ አዛዡ ገዳዩን ከቢሮው ሳይነሣ አውቆት ነበር። ለመርማሪ ኮቡሲንጌ ደውሎ፣ ኬድሬስ የተባሉትን፣ ቀድሞ ጫካው ውስጥ በአደን ይኖር ከነበረው ከባትዋ ሕዝብ የሆኑትን አሮጊት ይዛ እንድትመጣ አዘዛት። በሟቹ ቁርጭምጭሚት ላይ የወጥመድ ሽቦ ተጠምጥሞ ተገኝቷል፤ ወጥመድ ደግሞ የባትዋ ሥራ ነው አላት። ኬድሬስ ጎጇቸው ያለችበትን በቢሹምባ ስም የተመዘገበ መሬት ለአዲስ ሎጅ መሥሪያ አልለቅም ብለው ሲከራከሩ ከርመዋል። እሳቸው ከታሰሩ መሬቱ ባዶ ይሆናል። ይህን የመጨረሻውን አዛዡ አልተናገረውም፤ ኮቡሲንጌ ግን ሰማችው።

ስትደርስ ሁለት ፖሊሶች አሮጊቷን ሲለማመጡ አገኘቻቸው። ኬድሬስ በራቸው ደፍ ላይ ተቀምጠው የማሽላ ቡሼራቸውን ከቅል ይጠጣሉ።

«ከጫካው ሲያስወጡን ተነሺ አሉኝ፤ ተነሣሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ጉልበቴም ይታዘዝ ነበር። ዛሬ እኔም ጉልበቴም እምቢ ብለናል።»

«እማማ፣ ወጥመዱ የእርስዎ ነው?»

«ሰው በወጥመድ የሚያዝ ቢሆን፣ ልጄ፣ ይሄ ሎጅ ገና ዱሮ ኦና ይሆን ነበር።»

አንደኛው ፖሊስ ሳቁን ዋጠ። ኮቡሲንጌ ለአዛዡ ደወለችና «የገደለውን ሰው ይዤ እመጣለሁ» አለችው። የተባለችውን ትሠራ እንደሆነ ሲጠይቃት፣ የተናገረችውን ቃል በቃል ደገመችለት። ራሴ እመጣለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋባት።

የሎጁ ሥራ አስኪያጅ ዲዳስ በረንዳው ላይ ጠበቃት። ድምፁ የማይነሣ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው። ቢሹምባን ትናንት ከራት በኋላ ከተሰናበቱ ወዲህ እንዳላየው፣ ማልዶ አትክልት ሊገዛ ገበያ ወርዶ እንደነበር ነገራት። ሳትጠይቀውም፣ ሬሳውን ያገኘው የደን ጠባቂ ሲልቨር በሟቹ ቂም እንደያዘ ጨመረላት፤ ሰሞኑን ቢሹምባ፣ ጎብኚዎችን ጎሪላዎቹ አጠገብ አድርሷል ብሎ ከስሶት ነበር።

ሬሳው ወዳለበት ልትወርድ ስትነሣ ዲዳስ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ጉንዳን እንዳይገባባት ሱሪዋን ካልሲዋ ውስጥ ከተተ፤ የጫማዋን ማሰሪያ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሁለቴ አዙሮ በውጭ በኩል ቋጠረው። እግሯን ልትሰበስብ ብትሞክርም አልለቀቃትም።

«እንግዳ ጫማውን ራሱ ካሰረ፣ እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

ቁልቁል ሲወርዱ ሲልቨር አጉረመረመ። «ለሚኒስትርም ለሙሽራም እንዲሁ ነው። ሌላ ሰው ከነካበት ያኮርፋል።»

ክሱ እውነት እንደሆነ ጠየቀችው። አልካደም። «ልክ ነበር፤ በጣም አስጠግቻቸዋለሁ። መርማሪ፣ እኔን ደን ጠባቂ ያደረገኝ እሱ ነው። ድሮ የደን ጠባቂዎች አለቃ ሳለ፣ ጉንፋን ሲይዘኝ እስኪሻለኝ ድረስ ጫካ እንዳልገባ ከልክሎኛል። የኛ ጉንፋን ጎሪላን ይገድላል። አንድ ባለሥልጣንን እንኳ ስላሳለ ከበር መልሶታል።»

ቢሹምባ ገደሉ ሥር በጎኑ ወድቋል። ሱሪው በደንብ ተጣጥፎ ካልሲው ውስጥ ገብቷል፤ እግሩ ላይ ባለማሰሪያ የተራራ ጫማ አለ፤ ሽቦው ከጫማው በላይ ተጠምጥሟል። ኮቡሲንጌ ፊቱን ትንሽ፣ እግሩን ብዙ አየች። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ወጣች።

የሟቹ ሚስት ኤኒድ በዚያ ቀን ማንም የማይበላውን፣ ተቀቅሎ የሚቀርብ የማቶኬ ሙዝ ትልጣለች። በሩ ሥር አንድ ጥንድ የጎማ ቦቲ ቆሟል፤ የማን እንደሆነ ጠየቀቻት።

«የሱ ነው። ጫካ በሌላ ጫማ ገብቶ አያውቅም። የተራራ ጫማ ለእንግዳ ነው ይላል።» ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲያስል እንደዋለ፣ እንዳይረብሻትም ሌላ ክፍል እንደተኛ ነገረቻት። ቢያንስ ተኝቷል ብላ ነበር ያሰበችው።

«ራት ላይ ምን አወራችሁ?»

«‹መሬቱን ለካምፓላዎቹ ነጋዴዎች አልሸጥም፤ ነገ ራሴ ሄጄ ለኬድሬስ እነግራታለሁ› አለ።»

«ማን ሰማው?»

«እኔና ዲዳስ።»

አዛዡ ሲደርስ ኮቡሲንጌ ሁሉንም በረንዳው ላይ ልትሰበስብ ፈለገች። ኬድሬስ ግን ከደፋቸው አልነሣም አሉ። ስለዚህ የሎጁ ሰው ሁሉ ወደ ጎጇቸው ወረደ፤ አዛዡም ሳይወድ በቀጭኗ መንገድ ተከተለ።

«ቢሹምባ ጫካ ሲገባ ሞተ ተባለ» ብላ ጀመረች። «ትናንት ግን ሲያስል ነበር። በሳል ምክንያት ባለሥልጣን የመለሰ ሰው፣ እያሳለ ወደ ጎሪላዎቹ አይሄድም። ቢሄድ እንኳ በቦቲው ይሄድ ነበር፤ ቦቲው ወጥ ቤት በር ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ሌላ ቦታ ሞቶ፣ ለጫካ የለበሰ እንዲመስል ተደርጎ፣ እዚያ ተጣለ። ሽቦው እማማ ኬድሬስን ለማሳሰር የታከለ ነው።»

«ያለበሰው ማነው ታዲያ?» አለ አዛዡ።

«‹ጉንፋን የያዘው ጫካ አይገባም› የሚለው ሕግ ሳይሆን ወሬ ነው የሚል ሰው።»

ሲልቨር ወደ ዲዳስ ዞረ። «ለሚያስል እንግዳ ማር በሎሚ እየሰጠህ፣ ሳሉን አጥፍተህ ወደ ጫካ ታሳልፍብኝ ነበር።»

«ያ መስተንግዶ ነው» አለ ዲዳስ።

«መስተንግዶህማ በጣም ጥሩ ነው» አለች ኮቡሲንጌ። እግሯን ወደፊት አስቀድማ አሳየችው። «ማሰሪያው ሁለት ዙር ሄዶ በውጭ በኩል ተቋጥሯል። እንዲህ የሚቋጥር ካንተ ሌላ የለም፤ ሌላ ሰውም አታስነካም። የቢሹምባም እንዲሁ ነው የታሰረው። አንተ ግን ከራት ወዲህ አላየሁትም ብለሃል። ታዲያ መቼ አሰርክለት?»

ዲዳስ ጎንበስ ብሎ የገዛ ቋጠሮውን አየ። አዛዡ ጫማ ማሰር ወንጀል ነው ወይ ብሎ ሊከራከር ጀምሮ፣ የሰውየውን ፊት ሲያይ ተወው።

«ሬሳ ስታለብስ ፈርተህ ነበር» አለችው። «እጅህ ግን የለመደውን ሠራ።»

«ገፋሁት፤ ደረጃው ላይ ወደቀ» አለ ዲዳስ በመጨረሻ። በሻንጣ ጋሪ እንዳወረደው ራሱ ተናገረ። ከዚያ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ዕድሜዬን በሙሉ የሰው እግር ሥር ነው ያለሁት! የካምፓላዎቹ አዲሱን ሎጅ ለኔ ሊሰጡኝ ነበር። እዚያ እኔ ቆሜ ሌላው ይንበረከክ ነበር። እሱ ደግሞ ለዚች አሮጊት ብሎ...» አልጨረሰውም።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲሄዱ ኤኒድ ከኬድሬስ ፊት ቆመች። ባሏ ሊነግራቸው የነበረውን ነገረቻቸው፤ መሬቱ አይሸጥም፣ እሷም በሕይወት እያለች አይሸጥም። ኬድሬስ ቅሉን አነሡና ሰጧት። ኤኒድ ተቀብላ ጠጣች።

አዛዡ ጉሮሮውን ጠረገ። እንደ ትልቅ ሰው መናገር ፈልጎ ነበር።

«እማማ፣ እንግዲህ ነፃ ነዎት። መሄድ ይችላሉ።»

«ወዴት?» አሉ ኬድሬስ። «እኔ ቤቴ ነኝ። የምትሄዱት እናንተ ናችሁ፤ ስትወጡ ድንቼን እንዳትረግጡብኝ።»