ሬዲዮው የሚጠብቀው መልስ

ትርሲት ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን የማትተወው አንድ ሥራ ነበራት። በአልጋውና በቁምሳጥኑ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ትራስ ጣል አድርጋ ትቀመጥና፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራውን ትንሽ ሬዲዮ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ለቋንቋ ተማሪዎች ተብሎ ቀስ እየተባለ የሚነበበውን የእንግሊዝኛ ዜና ታዳምጣለች። ያልገባትን ቃል እንደሰማችው በአማርኛ ፊደል ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች፤ ፍቺውን በኋላ ከመዝገበ ቃላት ትፈልጋለች። ጎርፍ፣ ምርጫ፣ ጦርነት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፤ የሰው አገር መከራ ለእሷ የቃላት ትምህርት ሆነላት። ስታስበው አንዳንዴ ታፍራለች፤ ግን ምን ታድርግ! የሚመጣው ሰኞ አንድ ሆቴል ለእንግዳ ተቀባይነት ይፈትናታል። ካለፈች፣ ቢሾፍቱ እህቷ ዘንድ የተወቻትን የስድስት ዓመት ልጇን ኤልዳናን አምጥታ አብራት ትኖራለች። ካላለፈች ደግሞ... እሱን ማሰብ አትፈልግም።

አንድ አመል ነበረባት። ዜና አንባቢዋ ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ባለች ቁጥር ትመልስላታለች። ይሄ አመል ከሃይስኩል የመጣ ነው፤ በፕላዝማ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ ይጠይቅና ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ሰባው ተማሪ በአንድ ድምፅ ይጮኻል፣ ሰውዬው ምን እንደተባለ ሳይሰማ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል። ስንቱ «ራበን!» እያለ ጮኾበት «በጣም ጥሩ» ተብሏል! ትርሲት ከዚያ ክፍል ከወጣች ስንት ዓመቷ፣ ምላሷ ግን እስከ ዛሬ ያቺን ዝምታ ሲያገኝ አያስችለውም።

ከሥሯ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት እትዬ ዘርፌ ደረጃ ላይ ሲያገኟት ይስቁባታል።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ከሬዲዮው ጋር ስትጨቃጨቂ ዋልሽ?»

«ልምምድ ነው፣ እትዬ።»

«እኔንማ አንድ ቀን መጥተሽ አታጫውቺኝም! ለእሱ ጊዜ አለሽ።»

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው፣ ሰኞ ማታ እህቷ ደውላ ኤልዳናን አገናኘቻት። ቅዳሜ ለጥየቃ ይዛት እንደምትመጣ ነገረቻት። ልጅቷ በደስታ እየዘለለች ስልኩ ላይ ጮኸች።

ማክሰኞ ዜናው መሃል ላይ እንቅልፍ ጣላት። ስትነቃ ክፍሉ ጨልሟል። መብራቱ ጠፍቷል፤ መስኮቱንም አጠገቡ የሚሠራው ሕንፃ ሠራተኞች በሸራ ጋርደውት መሆን አለበት፣ ሰሞኑን ሲያወሩት ነበር። አፏ ውስጥ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ አየሩ የሲሚንቶ አቧራ፣ ደግሞም ከየት እንደሚመጣ ያልገባት የእርጥብ ብረት ሽታ ይሸታል። «ዛሬም ግድግዳ እየቦረቦሩ ነው፣ ሰው አለ አይሉ!» ብላ ተነጫነጨች። ልትነሳ ብትል እግሯ ደንዝዟል። ደግሞስ የት ልሄድ ነው የሚያስቸኩለኝ ብላ ተወችው።

ሬዲዮው ከጉልበቷ ተንሸራቶ የሆነ ቦታ ገብቷል። በእጇ ብትዳብስ አላገኘችውም፤ ድምፁ ግን ይሰማታል፣ ከወትሮው ራቅ፣ ደግሞ እንደ መታፈን ብሎ። ዜና አንባቢው ዛሬ ወንድ ነው። አንድ ሕንፃ መደርመሱን ያወራል፤ «ሰርቫይቨር» የምትለውን ቃል ደጋግሞ ያነሳል። ትርሲት ደስ አላት። ይቺን ታውቃታለች፣ ከአደጋ የተረፈ ማለት ነው። ሰውዬው ስንት ሰው እንዳለ ጠየቀና ዝም አለ።

«አንድ» አለች በእንግሊዝኛ፣ እንደ ልማዷ።

ዝምታው ረዘመ። ከዚያ ሰውዬው ትንፋሹ እየተቆራረጠ አንድ ሰው በሕይወት እንዳለ ተናገረ። ትርሲት በጨለማው ውስጥ ብቻዋን ሳቀች። አይ መገጣጠም!

ከሥር እትዬ ዘርፌ የሆነ ነገር እየወቀጡ ነበር። ሦስት ጊዜ ያወርዱና ያርፋሉ፤ ሦስት ጊዜ ያወርዱና ያርፋሉ። ሴትዮዋ ደግሞ ለማን ብለው ነው ይሄን ሁሉ የሚወቅጡት አለች። ዜናው ግን አላለቀም። ሙዚቃ የለው፣ ሰዓት መንገር የለው፣ ያው ሰውዬ ያቺኑ አንዲት ወሬ እየመላለሰ ይጠይቃል፣ ይጠብቃል። ስንተኛው ፎቅ? ብሎ ጠበቀ።

«አራተኛ» አለች፣ አሁን እየሳቀች አይደለም።

«አራተኛ ፎቅ!» ብሎ ጮኸ ሰውዬው፤ ከኋላው ሌሎች ድምፆች ተንጫጩ።

ትርሲት ክው አለች። ከእሷ ጋር ሌላ ሰው እንዳለ ሲጠይቃት፣ አፏን ልትይዘው እየፈለገች፣ ልጇ ቅዳሜ እንደምትመጣ ነገረችው። ምን አስለፈለፈኝ! ብላ ከንፈሯን ነከሰች። ጥቂት ቆይቶ፣ ያ እንግዳ አንደበት ቃሉን እያጣመመ «ኤልዳና» አለ።

የልጇን ስም አልነገረችውም።

ከዚያ በኋላ የያዛት ፍርሃት ሌላ ነው። ይሄ የሚጠይቃት ነገር እሷን ሲጨርስ ልጇ ላይ እንደሚመጣ ልቧ ነገራት፤ ደጋግማ እየመለሰች መንገዱን ያሳየችው ደግሞ ራሷ ናት። ልትወጣ ወሰነች። እጇን ወደ በሩ ሰደደች፤ በጎኗ ግድግዳ፣ በወዲህ የቁምሳጥኑ ጀርባ፣ ሁሉም ወደ እሷ ተጠግቷል። ዳበሰች፣ ዳበሰች፣ በመጨረሻ የበሩን እጀታ አገኘችው። እጀታው ከግንባሯ በላይ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ወደ ታች ወደ ፊቷ ተንጠልጥሏል። እጇን ሰበሰበች። ስለ በሩ ዳግም አላሰበችም።

የእትዬ ዘርፌ ውቀጣ ከሦስት ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ አንድ ወረደ። ከዚያ ቀረ።

«እባክሽ» ይላል ሬዲዮው። «አንድ ቃል። የሆነ ነገር ምቺ።» ሁሉም ቃል ይገባታል፤ ደብተርም አላስፈለጋት። ዝም አለች። ዝምታው በመጣ ቁጥር ምላሷ ይላወሳል፣ ጉሮሮዋ ይከፈታል፤ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ሰዓቱ ይሂድ ይቁም አታውቅም። በእንግሊዝኛው አልሆንለት ሲል፣ ሬዲዮው አንድ ጊዜ በአማርኛ የሕፃን ድምፅ አሰማት።

«እማዬ! እማዬ፣ እኔ ነኝ!»

ወይኔ! እንባዋ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። ድምፁ አንድም አልተሳሳተም፤ ያቺ «እኔ ነኝ» ስትል የምታስረዝማት ነገር እንኳ አልቀረችም። ግን ልጄን አታገኛትም፣ በእኔ በኩል አታልፍም እያለች በልቧ፣ ሻሿን ጥርሷ እስኪያማት ነከሰችው። ልጅቷ ጮኸች፣ ለመነች፣ በመጨረሻ ድምፅዋ ሰለለ።

ረጅም ጸጥታ ሆነ። ትርሲት ሻሿን ከአፏ አወጣች። አሸነፍኩት አለች። ኤልዳናን አትርፌያታለሁ፤ አሁን ብተኛም ግድ የለኝም። ሰውዬው ለመጨረሻ ጊዜ ሲናገር ጮኾ አልነበረም፤ ለእሷም አልነበረም፤ አጠገቡ ላለ ሰው፣ ድክም ባለ ድምፅ፣ እያንዳንዱ ቃል ቁልጭ ብሎ እንዲህ ሲል ሰማችው፦

«ከአራተኛ ፎቅ ምንም መልስ የለም፤ ልጅቷን ከፍርስራሹ ራቅ አድርጓትና መቆፈሪያውን ማሽን አስነሱት።»