አየር የተነፋበት የውሃ ቦርሳ

ኩኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ከአባቷ የቦርሳ መስፊያ ሱቅ ጀርባ ነው። አባቷ የሚታዘል የውሃ ቦርሳ ይሰፋሉ። ውስጡ የላስቲክ ከረጢት አለው፤ እየሄዱ በቀጭን ቱቦ መጠጣት ነው። ደስ አይልም ልጆች?

አንድ ቀን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ኮረብታ ሊወጡ ተሰበሰቡ። መምህራቸው፣ “ብዙ ውሃ የያዘ ትንንሾቹን ያጠጣልናል” አሉ። በሉ እንግዲህ፣ ቦርሳ ማወዳደር ተጀመረ!

“የኔ ይበልጣል!”

“የኔ ቱቦው ረጅም ነው!”

“ቱቦ ይጠጣል እንዴ?”

ኩኩ ወደ ቧንቧው ሮጠች። አባቷ የሰፉላት ቦርሳ ገና ሲጋመስ ከበዳት። ግን ማጠጣቱ አምሯታል! ዞር ብላ በቱቦው እፍ እፍ አለችበት። ከረጢቱ ተነፍቶ ድንቡሽቡሽ አለ።

“የኩኩ ይበልጣል” አሉ መምህሩ። ኩኩ ደረቷን ነፋች።

ዳገቱ ላይ ፀሐይዋ በረታች። ትንንሾቹ ተሰለፉ። ጥቂት እንደጠጡ ቱቦው ፉርርር አለ። ተራው የታናሽ እህቷ ነበር። ከንፈሯ ደርቋል።

“እትዬ፣ ንፋስ ነው የሚመጣው” አለቻት።

“ምን ሆነ?” ሲሉ መምህሩ ጠየቁ።

ኩኩ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ “ቦርሳው ተቀዶ ነው” አለች።

መምህሩ አዘኑ። “ለሁላችሁም አባትሽ ጋ ልናሰፋ ነበር። እንግዲህ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።”

የኩኩ አባት እያንዳንዱን ቦርሳ ውሃ ሞልተው ሳይፈትሹ አይሸጡም። ይህን ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

“አልተቀደደም፣ መምህር! ከበደኝና አየር ነፋሁበት። አባዬ ምንም አላጠፋም። ይቅርታ አድርጉልኝ!”

መምህሩ እንባዋን ጠረጉላት። “መዋሸትሽ አሳዝኖኛል። እውነቱን መናገርሽ ግን አስደስቶኛል” አሏት። ትንሽ ቦርሳ የያዙት ልጆችም ውሃቸውን አካፈሉ። እህቷም ጠጣች።

ኮረብታው አናት ላይ ቧንቧ ነበር። ኩኩ ሳትታዘዝ ቦርሳዋን ጢም አድርጋ ሞላች። ማንገቻው ትከሻዋን ቆረጣት፤ እሷ ግን አላወረደችውም። ሲመለሱ ትንንሾቹን አንድ በአንድ አጠጣች፤ እሷ መጨረሻ ጠጣች።

በማግስቱ መምህሩ ሱቁ ሄደው፣ “ለልጆቼ ሁሉ ይስፉልኝ” አሏቸው አባቷን። ኩኩ ከበሩ ጀርባ ሰምታ በደስታ ዘለለች።

ልጆችዬ፣ ጥፋታችንን በሌላ ሰው ከማላከክ እውነቱን ተናግረን ይቅርታ ስንጠይቅ እግዚአብሔር ደስ ይለዋል።