ከሽንሌ እስከ ደወሌ

የሸሚዝ ጥገና ባለሙያዋ ሰምሃል የጋሽ ዘርጋውን ሸሚዝ ገልብጣ ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች። በስፌቱ ውስጥ የሚያልፈውን ብርሃን በጣቷ ትከተላለች። ድሬዳዋ ውስጥ የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሁሉ ይህን ይለብሳል፤ «የዝምታ ሸሚዝ» ይሉታል። ከኩላሊት ሕመም ጋር የሚመጣው የማሳከክ ስሜት ከቆዳ ተነስቶ አንጎል ሳይደርስ ሸሚዙ መንገድ ላይ ያስቀረዋል፤ ሌላ ንክኪ ግን አይከለክልም።

«የት ላይ ነው የሚያሳክክዎት ጋሼ?»

«አዲጋላ።»

ሰምሃል ግራ ስትጋባ ባለቤታቸው እትዬ አሰለፈች ሳቁ። «ባቡር በሰው በሚነዳበት ዘመን ነጂ ነበር። ጀርባውም ሐዲድ ነው! ማጅራቱ ሽንሌ፣ ትከሻው መሃል አዲጋላ፣ ዝቅ ሲል አይሻ፣ ወገቡ ደወሌ።»

ሸሚዙ ሳይመጣ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ እትዬ አሰለፈች ጣቢያዎቹን እየጠሩ በእንጨት ሚዶ ጀርባቸውን ሲያኩላቸው ኖረዋል። ደወሌ ሳይደርሱ ይነጋ ነበር። አንሶላው ደም በደም ይሆናል። የልጃቸውን ሠርግ እንኳ ጋሽ ዘርጋው ጓሮ ቆመው፣ ግድግዳ እየታከኩ ነው ያሳለፉት።

ሰምሃል የሸሚዙን መዝገብ ከፈተች። በስምንት ወር አንድም ስሜት አላመለጠውም። እትዬ አሰለፈች ያቀረቡት አቤቱታ ግን ይህ ሦስተኛው ነው፤ ሦስት ጊዜ ብልሽት የተመዘገበበት ሸሚዝ ይወሰዳል፣ ምትኩ ዓመት ያስጠብቃል።

እትዬ አሰለፈች ለእንግዳዋ ውሃ ሊያመጡ ወጡ።

«ጋሼ፣ ምንም አያሳክክዎትም።»

ሽማግሌው ወደ በሩ አዩ። «ቀስ በይ ልጄ! አያሳክከኝም። እንዲያ ካልኳት ግን ሚዶዋን መስቀሏ ነው። ከዚያ ማን ይነካኛል? መርፌውና አንቺ?»

ሰምሃል እጇን ልትታጠብ ማድ ቤት ገባች። እትዬ አሰለፈች ክንዷን ያዟት።

«ውሸቱን ነው አይደል? ሲያሳክከው ትከሻው ምን እንደሚሆን እኔ አጥቼው!»

«ታዲያ ለምን አመለከቱ?»

«ዝም ብል ማወቄን ያውቅብኛላ! ሸሚዙን ግን እንዳትወስጂበት። ያ ስቃይ አይመለስ። እኔም እንዳይቀርብኝ የምፈልገው ጉዞው ብቻ ነው።»

የሸሚዙ ሠሪዎች የማሳከክን መንገድ አንድ በአንድ አጥንተዋል። ሕመሙ ሲቆም አብሮ የሚቆም እጅ እንዳለ ግን አላሰቡም። ሰምሃልም እስከዛሬ አላሰበችም።

ተመልሳ ሸሚዙን አለበሰቻቸውና ሁለቱም እንዲሰሙ ጮክ ብላ ተናገረች። «ሸሚዙ ደህና ነው። አዲጋላ ላይ ግን የእኛ መሣሪያ አይበቃም። በቀን አንዴ በሚዶ ይታከክ።»

«ሁለቴ አይሻልም?» አሉ ጋሽ ዘርጋው።

«የታዘዘልህን ተቀበል!» እትዬ አሰለፈች ሚዶውን ይዘው ከኋላቸው ተቀምጠዋል። «ሽንሌ...»

ሰምሃል መዝገቡ ላይ «ብልሽት የለም» ብላ ጻፈች። አቤቱታውን ዘጋችና መሣሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።