ዘግይቶ የመለሰው ፖርት

ሰርካለም ቆመች።

ከኋላዋ የሚመጣው ባለጥቁር ጃኬትም ቆመ።

ጉሙ ከገደሉ ተነስቶ የራቤል ከተማን ገበያ እየዋጠው ነው። እንደገና መራመድ ጀመረች፤ ሳትፈጥን የበግ ተራውን አለፈች።

ሰርካለም እውነተኛ ስሟ አይደለም። ለራቤል ሰው ሞባይል ጠጋኝ ናት፤ ለስለላ መሥሪያ ቤቷ ደግሞ በምስጢር ስሟ «ዋርካ»። ዓለም ከተማ ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን አለ። የጦር መሣሪያ አዘዋዋሪዎች የሚገናኙበት ሰርቨር የተደበቀው እዚያ ነው። ኮምፒውተሮቻቸውን የሚጠብቅላቸው ዓብዱልቃድር በስውር ከእሷ ጋር ይሠራል። እነሱ የማያውቁት አንድ የሰርቨር በር፣ አንድ ፖርት፣ ከፍቶላታል። ስልኳ ቀኑን ሙሉ ያንን ፖርት ያንኳኳል። ወዲያው ከመለሰ ዓብዱልቃድር ደህና ነው።

«ከዘገየስ?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«መሐል ላይ ሌላ ሰው ገብቷል ማለት ነው። ያኔ እኔን አትፈልጊኝ።»

ዛሬ ጠዋት ዘገየ።

ስለዚህ ሁለት ፍላሽ ይዛ ወጣች። የመሣሪያ ጫኝ መኪኖቹን መንገድ የያዘው ካልሲዋ ውስጥ ነው። ኪሷ ውስጥ ያለው የደንበኛ ነው፤ መዝሙር ብቻ አለበት።

አለቃዋ ምንተስኖት ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ ይጠብቃታል። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው።

«መንገዳቸውን አገኘሽ?»

«አግኝቻለሁ። ስለ ዓብዱልቃድር ግን ሰግቻለሁ።»

«አይዞሽ፣ ደህና ነው። አርባ አራት ሃያው ክፍት ነው፤ አሁን አየሁት።»

ክው አለች።

የፖርቱን ቁጥር ለማንም ነግራ አታውቅም። ለእሱም ጭምር። የሚያውቁት እሷና ዓብዱልቃድር ብቻ ናቸው።

ዓብዱልቃድር ወዶ አልተናገረም።

«ተመስገን» አለች። የመዝሙሩን ፍላሽ ሰጠችው።

«ያ ሰው በመኪና ያደርስሻል» አለ ምንተስኖት ባለጃኬቱን በአገጩ እያሳየ።

«ሱቄን ሳልዘጋ ነው የመጣሁት። ዘግቼ ልምጣ።»

ወደ በግ ተራው ተመለሰች። ሰውየው ተከተላት። ጎረቤቷ እማማ ጌታነሽ በጎቻቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ምን ሆነሻል ልጄ? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«እማማ፣ የሚከተለኝ ሰው አለ።»

አሮጊቷ ባለጃኬቱን አዩት። የበጎቹን ገመድ ለቀቁት።

«ኧረ በጎቼን! ያዙልኝ በሞቴ!»

ገበያው ተተራመሰ። ባለጃኬቱ በበጎቹና በሚሯሯጠው ሰው መሐል ተቀረቀረ። ሰርካለም ጉሙ ውስጥ ገባች።

ወደ ዘመሮ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ሆና ፋይሉን በስልኳ ለምንተስኖት የበላይ ላከች። «ምንተስኖት ከድቷል። ዓብዱልቃድርን አውጡልኝ።»

መልሱ አጭር ነበር። «መኪኖቹን እንይዛለን። ለሰውየው አንደርስም።»

መኪኖቹ ወደ ጀማ ቁልቁለት ሲወርዱ ተያዙ። ምንተስኖትም ታሰረ። የዓብዱልቃድርን አስከሬን መጋዘኑ ውስጥ አገኙት።

ከሳምንታት በኋላ ሰርካለም ዓለም ከተማ ወርዳ ከአንድ የልብስ ሱቅ ገባች። ባለሱቋ ሐጂራ የሟቹ ሚስት ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ለቅሶ ልትደርሺ ነው? ታውቂው ነበር?»

ሰርካለም የተሰቀለ ሻርፕ ነካች። «ባልሽ እኔን ለማዳን ሲል ዝም ብሎ ነበር፣ እስኪያቅተው ድረስ» ልትላት ፈለገች።

«አላውቀውም» አለች። «መንገደኛ ነኝ። ሻርፕ ፈልጌ ነው።»

ሐጂራ አንዱን መርጣ አጠፈችላት። «አላህ መንገድሽን ያቅናው።»

አውቶቡሱ ላይ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ስሟን ጠየቀቻት።

«ሰርካለም» አላለችም፤ ሌላ ስም ነገረቻት።