ኖራ የሸፈነው ቀይ

የወንዝ ዳሩን ሰፈር የቆረቆሩት ጀልባ ቀዛፊዎች ናቸው። ጀልባቸውን የሚያስሩባቸው የብረት ቀለበቶች ዛሬም በየቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ላይ አሉ። ኖራ ቀቢዋ የአባቷን ቤት በየዓመቱ ስትቀባ ቀለበቱን አንድም ቀን በብሩሽ ነክታው አታውቅም፤ የቅድመ አያቷ እጅ ያረፈበት ነዋ!

ቀያሹ ሰፈሩን ሊለካ የመጣ ዕለት ያን ቀለበት ቀስ ብሎ በመዳፉ ዳበሰው። እሷም አየችው። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ልቧ የሷ አልሆነም። ማታ ማታ ወንዙ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ሻይ መጠጣት ለመዱ።

አንድ ጠዋት ታዲያ የአባቷ ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት ሲቀባ ደረሰችበት።

«ለዚህ ነው ስትመላለስ የከረምከው? ልታፈርሰን!»

«ኧረ ስሚኝ፣ ነገሩ እኮ…»

«ዝም በል! ዓይንህን ላፈር!»

አላስተነፈሰችውም። ባልዲዋን አንስታ የቤታቸውንም በመንገዱ ያሉትን ቤቶችም ቀይ ሁሉ በኖራ ድምጥማጡን አጠፋችው። ጎረቤት «እጅሽ ይባረክ!» አላት።

በማግስቱ አፍራሹ ዶዘር እያጓራ መጣ። ቀያሹ እጁን ዘርግቶ ፊቱ ቆመ።

«ምልክቱ የታለ?» አለ ሾፌሩ። «ቀይ ያለበት ቅርስ ነው አትንካ፣ የሌለበትን አፍርስ ነው የተባልኩት።»

ቀቢዋ ክው አለች። ከዚያ ደሟ ፈላ።

«የሚተርፍ ቤት በቀይ ይቀባል? የማን ጭንቅላት ነው ይህን ያሰበው? መጥቶ ለነዋሪው የሚናገር አንድ ሰው ጠፋ? አንተስ ብትሆን?»

«እኔም የሰማሁት ትናንት ጠዋት ነው። አንቺስ መቼ አስተነፈስሽኝ!»

የትናንት ኖራ ገና አልያዘም፤ በውሃ ይለቃል። «ውሃ! ከወንዙ ውሃ አምጡ!» ብላ ጮኸች። ባልዲ ያለው በባልዲ፣ የሌለው በድስት እየቀዳ ግድግዳው ላይ ቸለሰ። ኖራው እንደ ወተት ወረደ፤ ቀዩ ብቅ አለ። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ልጄ፣ ቁጣሽ ቤት ሊያፈርስብን ነበር እኮ» አሏት አባቷ።

ግድግዳውን አብሮ ሲያጥብ የነበረው ቀያሽ ከራሱ እስከ እግሩ ኖራ ለብሷል። በሻሿ ፊቱን ጠረገችለት።

«ይቅርታ ትለኛለች ብለህ እንዳትጠብቅ።»

«ኧረ የት አባቴ!»

ዛሬ ባልና ሚስት ናቸው። ግድግዳውን ሲቀቡ እሱ ባልዲ ይይዛል፣ እሷ ቀለበቱንና ቀዩን እየዘለለች ትቀባለች።

«ቀይ ቀለም!» ትላለች በየዓመቱ፣ እንደ አዲስ እየተቆጣች።

«ኧረ ስሚኝ» ይላታል።

ብሩሿን አስቀምጣ ትሰማዋለች።