አንድ እሁድ ብቻ

ክረምት ገብቶ በረዶ ሰፈሩን ሲያለብስ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በርና መስኮቱን ጠርቅሞ ሲከተት፣ በአንድ ያረጀ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ግን እሁድ እሁድ በማለዳ በሯ ወለል ብሎ ይከፈት ነበር። የቤቱ እናት ልብስ ሰፊ ናት። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሱሪ ስታሳጥር፣ የሰው ዚፕ ስትቀይር ሰንብታ፣ እሁድ ሲሆን የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ትሸፍንና ሁለት ልጆቿን ካልሲ በካልሲ ላይ ደርባ አልብሳ፣ የፕላስቲክ መንሸራተቻ በገመድ እየጎተተች ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ኮረብታ ትወጣለች። ትልቋ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ስድስት ዓመት የሞላውን ወንድሟን ከድቡልቡል ጉንጩ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ «ድቡሌ» ይለዋል። ኮረብታው አናት ላይ ሲደርሱ እናትየው ከልጆቿ ብሳ ልጅ ትሆናለች! ድቡሌን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ትልቋን ከጀርባዋ ለጥፋ፣ «ያዙኝ! ከለቀቃችሁኝ እናት የላችሁም!» እያለች ቁልቁል ትወረወራለች። ታች ሲደርሱ ሦስቱም ይገለበጣሉ፤ በረዶው አንገታቸው ውስጥ ይገባል፤ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

አንድ ቀን ድቡሌ ከቁመቱ የሚበልጥ የበረዶ ሰው ሠራና ራቅ ብሎ አየው።

«እማዬ፣ ይሄ አባዬ ነው» አለ።

«ምኑ ነው አባትህን የሚመስለው?»

«አይመስልም። ግን ይሄኛው ስልክ ሲደወል አይሄድም።»

እናትየው ሳቀች። ሳቋ ግን እንደ ሌላው ጊዜ እስከ ሆዷ አልወረደም።

አባት የቤት ማሞቂያ ጠጋኝ ነው። ለሌላው ሰው ክረምት የመከራ ወር ሲሆን ለእሱ መኸሩ ነበር። የአንዱ ቱቦ ይፈነዳል፣ የሌላው ማሞቂያ ይጠፋል፤ ስልኩ ፋታ አይሰጥም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ኧረ እንዲያውም ደግ ነው! መጠጥ አያውቅም፣ እጁን በሰው ላይ አያነሳም። አንድ ድክመት ብቻ ነበረችው፤ ምርቃት ይወዳል። ተንበርክኮ ጠግኖ ሲነሳ፣ ብረቱ መሞቅ ሲጀምር፣ የቤቱ ሰዎች «እጅህ ይባረክ! አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» ሲሉት ደረቱ ይሰፋል። ቤቱ ውስጥ ስለተቀመጠ ደግሞ ማን ይመርቀዋል? ጎረቤቶቹ «የሰውን ቤት እያሞቀ የራሱን ያቀዘቀዘ» ብለው ሲቀልዱበት አብሯቸው ይስቅ ነበር። ቀልድ መስሎት… ወይ አለማወቅ!

በዚያው ክረምት ሚስትየው ደረጃው መሃል እየቆመች ማረፍ ጀመረች። ጎረቤት ሲጠይቃት «ያረጀው ደረጃው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» እያለች ታሳስቃለች። በመጨረሻ ግን ለማንም ሳትናገር ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ብዙ አላወራም። «ልብሽ ደክሟል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሻል። እስከዚያ ዳገት የሚባል ነገር እንዳትወጪ። ባለቤትሽን ይዘሽልኝ ነይ፤ ለብቻሽ የምትሸከሚው ነገር አይደለም» አላት፤ ይህንኑም በወረቀት ጽፎ ሰጣት። የሐኪሙን ወረቀት አጥፋ ከክርና ከአዝራር ጋር መሳቢያዋ ውስጥ ከተተችው። ልትነግረው አልሞከረችም? ሞክራለች እንጂ! አንዴ ስትጀምር ስልክ ተደወለ። አንዴ ቀና ብላ ስታየው ማንኪያውን እንደያዘ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ከዚያ በኋላ «እንዲህ ተፋፍነን፣ በመፍቻና በቱቦ መሃል አልነግረውም» አለች በልቧ። «አንድ ቀን አብሮን ይውጣ። ልጆቹ ሲስቁ ይይ፣ እሱም ይሳቅ። ከዚያ ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ።»

«አንድ እሁድ ብቻ ስጠኝ» አለችው።

«ምን ችግር አለው፣ የፊታችን እሁድ» አላት። የፊታችን እሁድ የዳቦ ቤቱ ቱቦ ፈነዳ። በሚቀጥለው የአንድ ሀብታም ቤት ማሞቂያ ድምፅ አሰማ። በሦስተኛው ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ምንም አልነበረም፤ አንድ ደንበኛ «እስቲ እየው» ስላለው ብቻ ሄደ። በአራተኛው ሳምንት እጁን ያዘችውና ዓይኑን አየችው። «ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም» አለችው። ደነገጠ። «በልጆቼ ሞት፣ በዚህ እሁድ ሰው ቢሞት አልሄድም!» ብሎ ማለላት።

እሁድ ደረሰ። አባት ቦት ጫማውን አደረገ፤ ድቡሌ ደስታው አናቱ ላይ ወጥቶ ኮሪደሩን በእግሩ ይደበድባል። ትልቋ የአባቷን ጓንት ይዛ በር ላይ ቆማለች። ስልኩ ጮኸ። የአረጋውያን መኖሪያ ቤት ማሞቂያ ተሰንጥቆ ስልሳ ሽማግሌና አሮጊት በብርድ ተይዘዋል። ጠጋኙ ስልኩን እንደያዘ ሚስቱን አያት።

«ሂድ» አለችው ቀስ ብላ። «እነዚህስ ካልሄድክላቸው ይሞታሉ። ስትጨርስ ግን ናልን፤ ኮረብታው ጋ ነን።»

«ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ!»

በመሄዱ ማን ይፈርድበታል? ማንም! አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ማሞቂያው ተነሳ። መፍቻዎቹን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል አሮጊቶቹ ከበቡት። ትኩስ ሻይ ቀረበ፤ አንዲቷ ግንባሩን ሳመችው፤ አንድ ጡረተኛ መምህር ወንበሩን ለቀቀለትና «የዛሬ አዳኛችን ይቀመጥ!» አለ። ተቀመጠ። አንዷ መርቃ ስትጨርስ ሌላዋ ትቀጥላለች። «አሁን እነሳለሁ፣ አሁን» እያለ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ… ሁለት ሰዓት!

ኮረብታው ግርጌ እናት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ያን ቀን አልተንሸራተተችም። ልጆቹ ሲወጡና ሲወርዱ እያየች፣ በየመሃሉ ወደ መንገዱ ታማትራለች። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከንፈሯ ገረጣ። «ልጆቼ፣ ደከመኝ። እንሂድ» አለች።

«አባዬ ሳያየን?» ትልቋ አኮረፈች። «አንዴ ብቻ ከኛ ጋር ውጪ! አንዴ ብቻ፣ እማዬ! ስንወርድ ይደርሳል።»

እናት ልጇን አየቻት። እምቢ ማለት አቃታት። ተነሳች፤ የልጇን ትከሻ ተደግፋ፣ እየቆመች እየተነፈሰች ዳገቱን ወጣች። ጫፉ ላይ ስትደርስ ደረቷን ያዘች፤ በረዶው ላይ እንደ ሕፃን በጎኗ ተኛች፤ አልተነሳችም።

ጠጋኙ ሲደርስ ሰው ከቦ ቆሟል። የድቡሌ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማል። «እማዬ ተነሽ፣ ይበርድሻል! እማዬ ተነሽ!» ትልቋ ግን አላለቀሰችም። አባቷን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን ሰበረች። ያቺ አንዲት እይታ እንደ ጦር ወጋችው። «አውቃብኛለች» አለ በልቡ። «ሻይ ስጠጣ እንደነበር አውቃብኛለች…»

ከቀብር በኋላ መሳቢያውን ሲከፍት የሐኪሙን ወረቀት አገኘ። «ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ» የሚለው ጋ ሲደርስ መልሶ መላልሶ አነበበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሁድ ስልክ አላነሳም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደለምን? ለልጆቹ ቁርስ ሠራ፣ ካልሲያቸውን አጠበ፣ የሴት ልጁን ፀጉር መጎንጎን ተማረ። እሷ ግን ከ«አዎ» እና ከ«አይ» የተረፈ ቃል አልሰጠችውም። ፊቱን ባየች ቁጥር ያ ዳገት ይመጣባታል። «እማዬን ያወጣኋት እኔ ነኝ። ሰው ነግሮታል፤ ለዚህ ነው የማይጠይቀኝ» ትላለች በልቧ። እሱ የእሷን ዝምታ ፍርድ አድርጎ ወሰደው፤ እሷም የእሱን። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ወንጀለኛ፣ ዳኛ የሌለበት እስር ቤት! አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ሌላ ከተማ ሄዳ በፋርማሲ ተቀጠረች፤ አገባች፤ ወለደች። ለወንድሟ ትደውላለች፤ ለአባቷ «ሰላም በልልኝ» ከማለት አታልፍም።

እሷ ከሄደች በኋላም አሥራ ስድስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ጢስና አቧራ ሲምግ የኖረው የጠጋኙ ሳንባ በመጨረሻ እጁን ሰጠ። የአውቶቡስ ሾፌር የሆነው ድቡሌ ለእህቱ ደወለ። «ከመጣሽ አሁን ነይ። ኋላ ለሬሳው ብትመጪ እኔ አላናግርሽም» አላት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ሆስፒታል ደረሰች። አባቷ በትራስ ተደግፎ ነበር፤ ያ ሰፊ ትከሻው የት ሄደ? ልጅቷን ከወንድሟ ጋር ኮሪደር ላይ ትታ ገባች። ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«ያን ቀን… ሥራው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አልቆ ነበር። ሻይ ስጠጣ ነው የቆየሁት። ሲያመሰግኑኝ… ጣመኝ። እንደምታውቂ አውቃለሁ፤ ግን ከአፌ ስሚው።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አላውቅም ነበር» አለች። «አባዬ፣ አላውቅም ነበር! እኔ ነኝ እኮ… እንሂድ ብላ ነበር። ደከመኝ ብላኝ ነበር። አንዴ ብቻ ብዬ ዳገቱን ያወጣኋት እኔ ነኝ። አንተ የምታውቅ መስሎኝ…»

«ወይኔ ልጄ!» አለ አባት። ከዚያ ሁሉ ሕመም ያልወጣ ጩኸት ያኔ ወጣ። «አሥራ ሁለት ዓመትሽ ነበር እኮ! ይህንን ለብቻሽ ተሸክመሽ ነው የኖርሽው? እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጬ?»

ተቃቀፉ። ድቡሌ በሩን ከፍቶ አያቸውና ምንም ሳይጠይቅ እንደ ልጅነቱ ጮክ ብሎ አለቀሰ።

ሐኪሙን ለምነው ለሩብ ሰዓት በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ሆስፒታሉ ግቢ አወጡት። በረዶ በስሱ ይጥላል። የልጅ ልጁ በረዶ ጠቅልላ እናቷን መታች፣ አጎቷን መታች፣ ከዚያ ወንበሩ ፊት ቆማ «አያቴን ልምታው?» ብላ አስፈቀደች። «ምቺኝ» አለ። መታችው። ሳቀ፤ ሳቁ በሳል ተቆራረጠ። ሴት ልጁ ብርድ ልብሱን አስተካከለችለትና «አባዬ፣ እንግባ?» አለችው። «ትንሽ ቆዩ… ትንሽ» አላት። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ አረፈ።

እንግዲህ ዕጣ ፈንታ ጨካኝ ነው እንላለን። እናትን ያን ቀን የወሰደው ዕድል ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ከዚያ ወዲህ ያለውን ሃያ ሁለት ዓመት ግን የወሰደው ዕድል አይደለም። አባትና ልጅ ደፍረው ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው። ሞት የወሰደውን ማንም አይመልስም፤ ዝምታ የወሰደው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይመለስ ነበር። ምን ያደርጋል… የተመለሰው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው።